ጠጉር የሌለው ጣሪያ

እኔ ሰርክአዲስ ሰው በቀላሉ አላምንም። የገንዳ ውሃ ከተማ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ "ምጡ ገና ነው" ያለችኝን ሁሉ አምኜ ብቀመጥ ኖሮ ስንቱ ልጅ ባጃጅ ላይ በተወለደ!

መሐንዲሱ አንዷለም ለአዲሱ ማዋለጃ ክፍል ጣሪያ ያዘጋጀውን አርማታ ሳይ ሆዴ አልወደደውም። እንደ አጥሚት ይፈሳል። በቫይብሬተር የሚጠቀጥቀውም የለም፤ "በየጥጉ ራሱ ገብቶ ይሞላል፣ ሲስተር" ይለኛል። ፌሮውም ሳሳብኝ። በምትኩ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ፣ የመጥረጊያ ጠጉር የመሰለ ፕላስቲክ አሳየኝ።

"ፋይበር ነው። አርማታው ቢሰነጠቅ እንኳ ይዞ ያቆየዋል። ፌሮውን የቀነስኩት በሱ ተማምኜ ነው።"

"በፌሮ ፋንታ ጠጉር? ወግድ! ፌሮውን የት አደረስከው?"

ሳቀ። ሳቁ ይበልጥ አናደደኝ። ጣሪያው ቢናድ የሚናደው በምታምጥ ሴት ላይ ነው፣ በሱ ላይ አይደል!

ጣሪያው ተሞልቶ ከጠነከረ በኋላም አልተውኩትም። ቢቸግረው፣ በሙሌቱ ቀን ከአርማታ ማቡኪያው ሚክሰር ተቀድቶ የደረቀ ናሙና አምጥቶ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደመና ብሎኬት ይጭንበት ጀመር። "ይዩት፤ ይሰነጠቃል እንጂ አይበጠስም።"

ቋ አለና ለሁለት ወደቀ።

"ይኸውልህ!" አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

አንዷለም ስብራቱን አንስቶ አገላበጠው። ፊቱ አመድ መሰለ። አንድም ጠጉር የለበትም።

"ሸጠኸዋላ! ሌባ!"

"ኧረ አልተሸጠም!" አለ ዋሴ፤ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ ሚክሰሩ ላይ የቀረ ሠራተኛ ነው። "ከመጋዘኑ ጀርባ ሸራ አልብሰን አስቀምጠነዋል።"

"ማን አስቀምጡ አላችሁ?"

መሬት መሬት አየ። "አንቱ ነዎት እንጂ፣ ሲስተር። 'ይህን ጠጉር የጨመረ የወላዶች ደም ይፋረደዋል' አሉን። ፈራን። መሐንዲሱ ዘወር ሲል ሳንጨምር ሞላነው።"

ብያለሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

አንዷለም ቢጮህብኝ በወደድኩ። "ክረምት ሳይገባ ልናስረክብ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እንዲሁ ብንተወውስ? ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። አፍርሰው።"

ደጅ ላይ ቀኗ የተቃረበ ነፍሰ ጡር፣ ድንቅነሽ፣ አዲሱን ክፍል ስትጠብቅ ተቀምጣለች። ክፍሉ እንደማይደርስላት ነገርኳት።

"ማነው ያበላሸው?"

"እኔ ነኝ።"

ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከላይ እስከታች አየችኝ።

"ታዲያ እኔን ማን ሊያዋልደኝ ነው?" አለች።