ዘጠና እርምጃ

በመንደራችን ዛፍ ባለመቁረጥ የምታወቅ ሰው ነበርኩ። ሙገሳ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ስሜን ጠርቶ «ሞኙ ከፈለ» ለማለት ያህል ነው። እዚህ ጋምቤላ፣ አቦቦ ዙሪያ በሰፈራ የመጣን ሰዎች መሬት ስንረከብ መጀመሪያ የምናነሳው መጥረቢያ ነው፣ ቀጥሎ ዶማ። መሬቱ ጥርት ብሎ ካልታየን የኛ አይመስለንም። የኔ መሬት ጫፍ ላይ ግን፣ ከወንዙ ጫካ ጋር የተያያዘ ሁለት ጥማድ የሚሆን ዛፍ እንዳለ ቆሞ ነበር። እዚያ ውስጥ ሰባት ጉሬዛዎች ይኖራሉ።

ያስተወኝ አባቴ ነው። በሰባ ሰባት ከወሎ ስንመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የተሰጠንን መሬት ሊያይ የገባ ቀን ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው አዩት፤ ጥቁር ለብሰው፣ ነጭ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እነዚህ መነኮሳት ናቸው» አለኝ። «ቅጠል በልተው ያድራሉ፣ የሰው እህል አይነኩም። እኛን ከአገራችን ያስወጣን ዛፍ ያጣ ምድር ነው። እዚህ ደግሞ ያንኑ አንደግመውም።»

ሲሞት ስለ ቤት፣ ስለ ከብት አንድ ቃል አልተናገረም። «የመነኮሳቱን ቤት አደራ» ብሎኝ ነው ያረፈው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔም ከመጣን አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እየተሳቀብኝ ጠበቅሁ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ወሬ መጣ። ከወንዙ ማዶ ያለው ትልቁ የሩዝ እርሻ ሊሰፋ ነው፣ ያልለማ መሬት ሁሉ ተለክቶ ለባለሀብት ይሰጣል ተባለ። ወሬ ነው ብዬ ናቅሁት። በሳምንቱ ለኪው መጣ።

ለኪው ጋትኩዋት ይባላል። የኢታንግ ልጅ ነው፣ ረጅም፣ ትሁት፤ ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። ጂፒኤስ የሚሉትን መሣሪያ በእጁ ይዞ ድንበሬን ሲዞር ዋለና ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዛፍ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ!»

«የአንተ ከሆነ ለምን አይታረስም?»

«ጉሬዛ አለበት።»

ሳቀ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ማሽን ላይ ጉሬዛ የሚባል የለም። ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ የለማ፣ ያልለማ። እኔ አይደለሁም የምወስነው። ይሄ ዛፍ ከወንዙ ጫካ ጋር አንድ ላይ ነው፣ ስለዚህ ያልለማ ነው የሚሆነው። በማሳ ውስጥ ያለ ዛፍ ቢሆን ግን የማሳው ነው፣ ማንም አይነካም።» ፊቴን ሲያየው መሰለኝ አዘነልኝ። «አሁን አልጽፍም። አንድ ወር ቆይቼ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜ የመጨረሻ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንዴ «ያልለማ» ብሎ ከጻፈ፣ እኔ ብሞት ልጆቼም ቢያለቅሱ አይፋቅም።

ባለቤቴ እታገኝ ነገሩን ስትሰማ አላመነታችም። «ቁረጠው» አለችኝ። «መሬቱም ዛፉም ከሚሄድ መሬቱ ይቅርልን። አባትህ ዛፉን አደራ አሉ እንጂ ልጆችህን አስርብ አላሉህም።»

እውነቷን ስለነበር ተናደድኩ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ብቆርጥ አደራ በላ ነኝ። ብተወው ባለሀብቱ ይቆርጠዋል፣ መሬቴም አብሮ ይሄዳል። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል።

በአራተኛው ቀን የልጅነቴ ደብር ትዝ አለችኝ። ወሎ ውስጥ ዙሪያዋን ማሳ ነው፣ መሃሏ ጥድና ወይራ። ገበሬው እስከ ቅጥሯ ድረስ ያርሳል፣ ዛፏን ግን አይነካም። አገሩ ሁሉ ተራቁቶ በክፉ ቀን ስንሰደድ እንኳ ዘወር ብዬ ያየኋት አረንጓዴ እሷ ብቻ ነበረች። ለኛ ሰው ጫካ ማለት ይኸው ነው፣ በማሳ መሃል የቆመ ክብ። ታዲያ እኔስ? በወንዙ ጫካና በኔ ዛፎች መካከል ያለውን ቆርጬ ዙሪያውን ባርሰው፣ መሃሉ ላይ የሚቀረው «በማሳ ውስጥ ያለ ዛፍ» አይደለም ወይ? መሬቱም ይቀራል፣ የመነኮሳቱም ቤት ይቀራል። ለእታገኝ ስነግራት «አንዳንዴ ደግሞ ጭንቅላት አለህ» ብላ ታረቀችኝ።

ጎረቤቴን ባንተአምላክን ይዤ ገባሁ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ በአንድ መኪና ተጭነን የመጣን። በሁለት ሳምንት ውስጥ በዛፎቼና በወንዙ ጫካ መካከል ያለውን ሁሉ ጣልነው። ስፋቱን በእግሬ ለካሁት፣ ዘጠና እርምጃ። ጉሬዛዎቹ እስከ መጨረሻው ቀን ከላይ ሆነው ያዩናል። «ለእናንተው ብዬ ነው!» እያልኩ እጮህባቸው ነበር።

ጋትኩዋት በቃሉ መጣ። ዞረ፣ ለካ፣ ማሽኑን አየ። «አሁን ጥሩ ነው፣ ጋሼ። ማሳ ነው» ብሎ «የለማ» ብሎ ጻፈልኝ። ዶሮ አረድኩለት። ያን ሰሞን ብታዩኝ! በመንደሩ ስሄድ ደረቴ ይቀድመኛል። ሞኙ ከፈለ ቀርቶ ብልጡ ከፈለ ሆኛለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። በቆሎዬ ከዛፎቹ ሥር ደርሶ ቆመ፣ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ተሸክመዋል። በኅዳር አንዷ ጉሬዛ ወለደች። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ድፍን ነጭ ነው። እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ሳየው፣ እንደ ሞኝ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። አባቴን «አየህ?» አልኩት።

ታኅሣሥ ላይ ዝናቡ ከሄደ ቆየ። ዛፎቼ ቅጠላቸውን ማራገፍ ጀመሩ። ዱሮም በበጋ ያራግፋሉ፣ አዲስ ነገር አልነበረውም። አዲስ የሆነው ጉሬዛዎቹ ነበሩ። በወንዙ በኩል ባለው የመጨረሻ ዛፍ ላይ ተደርድረው ይቀመጡና ማዶ ማዶ ያያሉ። ጠዋት ያያሉ፣ ከሰዓት ያያሉ። በሳምንቱ የዛፍ ልጣጭ መቦጨቅ ጀመሩ። እኔ በሽታ መስሎኝ ነበር። የገባት እታገኝ ናት።

«ከፈለ፣ እነዚህ ሰዎች መሄድ ፈልገው ነው» አለችኝ። «በበጋ የሚበሉት ወንዙ ዳር ነበር። እዚያ ቅጠል አይደርቅም።»

«ይሂዱ ታዲያ፣ ማን ያዛቸው?»

«አንተ።»

ዱሮ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ወንዝ ይደርሱ ነበር፣ መሬት ሳይነኩ። ለጉሬዛ መሬት መውረድ ሞቱ ነው። ዘጠና እርምጃ ራቁት ማሳ ደግሞ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የመንደሩ ውሾች ናቸው። ደብሯን እንደ ጥሩ ምሳሌ ስቆጥራት አንድ ነገር ረስቻለሁ። ደብር ቅጠል አትበላም። ከመጣባቸው እሳት አወጣኋቸው ብዬ፣ በገዛ እጄ ቆልፌ ቁልፉን ለማሽኑ ሰጠሁት።

በጥር መጀመሪያ ትልቁ ወንድ ሞከረ። እኔ ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ እያየሁ ከዛፉ ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣ እጁን መሬት ላይ እያሳረፈ። ድንጋይ ይዤ ስሮጥ የባንተአምላክ ሁለት ውሾች ቀደሙኝ። የወደቀበትን ቦታ ኋላ ቆጠርኩት፣ አርባ እርምጃ። ቀበርኩት። ሰው «ዝንጀሮ ቀባሪ» ብሎ ሲስቅብኝ ባንተአምላክ ግን አልሳቀም፤ አፈሩን አብሮኝ መለሰ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ሰባቱ አልወርድ አሉ። እኔ ደግሞ ቤት ለቤት ልመና ገባሁ። «አንድ እሑድ ብቻ ውሾቻችሁን እሰሩልኝ።»

«ውሻዬን ካሰርኩ ከርከሮው ካሳቫዬን ይጨርሰዋል!» ይለኛል አንዱ። ሌላው ያሾፋል፣ «ከፈለ መነኮሳቱን ሊያሻግር ነው፣ እንደ ሙሴ!» ባንተአምላክ ባይኖር ተስፋ ቆርጬ ነበር። የራሱን ሁለት ውሾች ከፊቴ አሰረና፣ «እኔ ዕዳ አለብኝ፣ እናንተ ደግሞ ለኔ ስትሉ እሰሩ» እያለ አብሮኝ ዞረ። ሰዎቹ እሱን አፍረው እሺ አሉ።

እሑድ ማለዳ እኔና እታገኝ ከወንዙ ዳር ለምለም ቅርንጫፍ እየተሸከምን በማሳው ላይ በየአሥር እርምጃው አኖርን። ከዚያ ደጃፋችን ላይ ተቀመጥን። መንደሩ ጸጥ አለ፣ ውሻ የለም፣ ልጅ እንኳ አይጮህም። ረፋዱ ላይ አንዷ ወረደች። ግልገሉ ሆዷ ሥር ተንጠልጥሏል፣ ነጩ አልለቀቀውም። ከመጀመሪያው ቅርንጫፍ ቀነጠበች። ሌሎቹ ተከተሏት። ሃያ፣ ሠላሳ። ወንዱ የወደቀበትን አርባን ሲያልፉ እታገኝ እጄን ጨመቀችኝ። ስልሳ። ሰባ። ሰማንያ ላይ የወንዙ ጫካ ጥላ ሥር ሊገቡ ነው፤ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ያኔ ከወንዙ ማዶ ሞተር ተነሣ። ቀጥሎ ዛፍ ሲወድቅ ሰማን፣ ምድሩ ሲነቃነቅ እግራችን ሥር ተሰማን። ጉሬዛዎቹ ባሉበት ደረቁ። ሌላ ዛፍ ወደቀ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞሩና ሰማንያውን እርምጃ በሩጫ ተመልሰው ዛፎቼ ላይ ወጡ።

እየተንደረደርኩ ወንዙን ተሻገርኩ። ዶዘር ነው። ሾፌሩ ፍሬሰንበት የሚባል የደጋ ሰው ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«አባቴ፣ ወንዙን ተሻግሬ እስከ እርስዎ ማሳ ድንበር ነው የታዘዝኩት» አለኝ። «ካርታው ላይ ያልለማ ይላል። የእርስዎን ግን አልነካም፣ አይዞዎት፣ የለማ ተብሎ ተጽፏል።»

አይዞዎት አለኝ!

በነጋታው ዶዘሩ በጣለው ዛፍ መካከል ገብቼ ቅጠል ያለውን ቅርንጫፍ እየመረጥኩ ተሸከምኩ። እታገኝም ተሸከመች። ዛፎቻችን ሥር ከምረን ውሾቹን ስንከላከል ጉሬዛዎቹ ወርደው በሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የምንሠራው ይኸው ሆነ። ፍሬሰንበት ደግ ሰው ነው። ለምለም የሆነውን ወደ ዳር ገፍቶ ያኖርልናል፣ «የመነኮሳቱ ድርሻ» እያለ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ጠየቅሁት። በየካቲት አጋማሽ ሁሉንም እንደሚጨርስ ነገረኝ። ዝናብ የሚመጣው በግንቦት ነው። በመካከል ያለው ጊዜ እንዴት እንደሚሞላ እኔ አላውቅም።

ትናንት ዶዘሩ ተበላሽቶ ቆመ። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አይነሳም አሉ። የተረፈው ቅጠል ሁሉ በፀሐይ ጠውልጓል፤ ካልወደቁት ዛፎች እንዳልቆርጥ ደግሞ የእርሻው ጥበቃ «የድርጅቱ ንብረት ነው» ብሎ መለሰኝ። ባዶ እጃችንን ተመለስን። ግልገሉ ግራጫ መሆን ጀምሯል። እናቱ ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ሆና እጃችንን አየች።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ። ስለ ልጆቼ ጸለይኩ፣ ስለ አባቴ ነፍስ ጸለይኩ። ከዚያ ጆሮዬን ወደ ወንዙ አድርጌ አዳመጥኩ። ድምፅ የለም።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ያን ዶዘር አስነሣልኝ።»

ከኋላዬ እታገኝ አሜን አለች።