ልመና የተከለከለ ሰሞን

ጣሊያን ልመናን የከለከለው በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ጉንደ ወይን ገበያ መሐል ነው። አስተርጓሚው ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ መለመን ክልክል ነው! የተገኘ ይታሰራል!» ብሎ አነበበ። ምክንያቱንም አልደበቀም። የአርበኞች ደብዳቤ በየቆሎ ተማሪው አኮፋዳ ይጓዛል የሚል ወሬ ከጣሊያኑ ሹም ጆሮ ገብቷል።

እንዳላማው ይህን ሲሰማ በትከሻው ያንጠለጠላትን አኮፋዳ ገልጦ አየ። የለመነውን የሚይዝባት የሣር ከረጢት ናት። በእሷ ውስጥ ከቂጣ በቀር የተጓዘ ነገር የለም፤ ቂጣውም ቢሆን መንገዱን ጨርሶ ቅኔ ቤት የሚደርስበት ቀን ጥቂት ነው።

እንዳላማው ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ስድስቱን የፈጀው ከዲማ የግማሽ ቀን መንገድ ባለችው በሸንበቆ ሚካኤል ቅኔ ቤት ነው። መምህሩ የኔታ ወልደ ሩፋኤል «ለጥር ሚካኤል እመርቅሃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወንበር ዘርግተህ ታስተምራለህ» ብለውታል። ሦስት ወር ነው የቀረው። ሳይመረቅ ቢመለስ ግን አባቱ በሬና ሚስት አዘጋጅተው ይጠብቁታል። ሁለቱንም ሳያማክሩት ነው የመረጡለት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ አርባውን ተማሪ ሰበሰቡ።

«ልጆቼ፣ ይህ ቤት ርስት የለው፣ ጎተራ የለው። የቆመው በቁራሽ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ መላ ከተገኘ ተገኘ፤ ካልተገኘ በየአገራችሁ ግቡ።»

ነገር ሁሉ ጨዋታ የሚመስለው የሽዋስ ብድግ አለ። «የኔታ፣ ብንጾምስ? ጾም ወጪ የለውም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጥር።»

«ያን ጊዜ የማደርስላችሁ ምርቃት ሳይሆን ፍትሐት ነዋ!» አሉ የኔታ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እንዳላማው ሳያስበው እግሩ እንደ ለመደው ይዞት ወጣና ከእመት ማንጠግቦሽ ደጅ አደረሰው። እመት ማንጠግቦሽ በሰጪነት የሚታሙ ሴት አይደሉም። ተማሪዎቹ «ከእመት ማንጠግቦሽ ቤት፣ ማን ጠግቦ?» ይላሉ፤ ሰሙ የሴትዮዋ ስም ነው፣ ወርቁ ስሞታ።

እንዳላማው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው ከአጥሩ ጥግ አንሙት ከነጠመንጃው ታየው። አንሙት ለጣሊያን ከማደሩ በፊት እዚያው ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጦ፣ ከቅኔ ሁሉ አጭሯ በሆነችው በጉባኤ ቃና ላይ ወድቆ የወጣ ሰው ነው። ተማሪ የሚያሳድደው ለደመወዙ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። እንዳላማው አፉን እንደ ከፈተ ቀረ።

«ምነው ተማሪው?» አሉ እመት ማንጠግቦሽ ብቅ ብለው። «የማርያም ስሟ ጠፋህ?»

እንዳላማው በአገጩ ወደ አጥሩ ጠቆመ።

«ለማኝ ነው፣ እመት ማንጠግቦሽ። ልይዘው ነው» አለ አንሙት።

እመት ማንጠግቦሽ ያን ቀን ቁራሽ የመስጠት ሐሳብ አልነበራቸውም። እንዲያውም አዋጁን ሲሰሙ «ተመስገን» ብለዋል ይባላል። ነገር ግን በገዛ ደጃቸው የቆመው ማን እንደ ሆነ ሌላ ሰው ሲነግራቸው ደማቸው ፈላ።

«ማን አባቱ ነው ለማኝ ያለው? እንግዳዬ ነው! ግባ፣ የኔ ልጅ።»

«የለም፣ ይቆየኝ» አለ እንዳላማው። ጨዋ እንግዳ ሦስት ጊዜ እምቢ ሳይል እንደማይገባ እናቱ አስተምራዋለች።

«በሞቴ!»

«አሁን በልቼ መምጣቴ ነው።» አሁን ያለው ትናንት ጧትን ነው።

«አፈር ስሆን! በማርያም ይዤሃለሁ!»

አንሙት ግራ ተጋባ። «እመት ማንጠግቦሽ፣ አሁን እኮ የሚለምኑት እርስዎ ነዎት።»

«አዎ፣ እየለመንኩ ነው! በል እሰረኝ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት።

አንሙት የክርስትና ልጃቸው ነው። እሳቸውን አስሮ ወደ እናቱ ቤት መግባት እንደሌለ ያውቃል። «ወረቀቱ ላይ ይህ የለም» ብሎ አጉረመረመና ሄደ። እንዳላማውም ገብቶ ሽሮውን በላ፣ ጠላውን ጠጣ።

ነገሩን ለየኔታ ሲነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ በድንገት ሳቃቸውን ቆረጡ።

«አዋጁ ‹መለመን ክልክል ነው› ነው ያለው? ‹ለ› ላልታ ስትነበብ ለማኙን ትከለክላለች። ጠብቃ ስትነበብ ግን ተለማኙን ትከለክላለች፤ ያን ጊዜ በሞቴ የተባለው ሁሉ መታሰሩ ነው።»

«አንሙት ቢደርስባትስ?»

«ጉባኤ ቃና የጣለው ሰው ላልቶና ጠብቆ እስኪለይ ጥር ይገባል» አሉ የኔታ።

ተማሪው ሁሉ በየደጁ እየሄደ ዝም ብሎ ይቆም ጀመር። ሴቶቹም፣ እመት ማንጠግቦሽ ለምነው እኛ ሳንለምን? እያሉ በሞቴውን አወረዱት። አንዳንድ ጊዜ ሥርዓቱ ይሳሳት ነበር። የሽዋስ አንድ ቤት «የለም፣ ይቆየኝ» ቢል ሴትዮዋ «እንግዲያስ ደኅና ዋል» ብለው ደጃቸውን ዘጉበት፤ ጨዋነቱን እያመነዠከ አደረ።

ሁለት ሳምንት እንደ ሄደ ችግሩ ወጣ። ለማኝ ቁራሽ ከተወረወረለት ይሄዳል። እንግዳ ግን ይቀመጣል፣ ወጥ ይወጣለታል፣ ጠላ ይቀዳለታል፣ «ጨምር» ይባላል። ተማሪዎቹም ሆዳቸው ሞልቶ ስለሚመለሱ ከቀለሙ ይልቅ እንቅልፉ በረታባቸው። «የጠገበ ቅኔ አይዘርፍም፤ ያንኮራፋል» እያሉ የኔታ በመቋሚያቸው ጎናቸውን ይወጓቸዋል።

ረቡዕ ዕለት የአገሩ ወንዶች ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። የእመት ማንጠግቦሽ ባል አቶ ፈንታው ተነሡ።

«ጎበዝ! ድሮ አንድ ተማሪ ለማስተማር ቁራሽ ይበቃ ነበር። ዛሬ ድስት ሆኗል! በየቀኑ አርባ እንግዳ፤ ሠርግ ነው እንዴ? ጣሊያን እንኳ ገብሳችንን የሚወስደው በዓመት ሁለቴ ነው!»

ከዓርብ ጀምሮ ደጅ ሁሉ እንዲዘጋ ተስማሙ።

እንዳላማው ይህን ሰምቶ ወደ የኔታ ሮጠ። በሬውና ሚስቲቱ አብረው በዓይኑ ላይ መጡ።

«የኔታ፣ እንግዳ እስከ መጨረሻው አልቀመጥም ካለ ምን ይደረጋል?»

«ባዶ እጁን አይሄድማ። ይቋጠርለታል።»

«ምን?»

«የተገኘው ነዋ። ቁራሽም...» አሉ የኔታ። ተያዩ።

አቶ ፈንታው ሐሳቡን ከእንዳላማው ሲሰሙ ሳቁበት። «ተማሪ ድስት ተከፍቶለት እምቢ ሊል? በል፣ ነገ ከእኔው ቤት ጀምር። እስከ መጨረሻው እምቢ ካልክ ደጃችን አይዘጋም። እሺ ያልክ እንደ ሆነ ግን ከነአርባው ሰው ስንቅህን እሰር።»

ያን ዕለት አንሙትም ዝም ብሎ አልዋለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ «መለመን፣ መለመን» ሲል ከርሞ ድንገት ‹ለ› በአፉ ላይ ጠበቀችለት። እየሮጠ ለሹሙ ነገረ። ለክርስትና እናቱም ክፉ አይወድምና፣ ሹሙ ነገ እንደሚመጣ ለእመት ማንጠግቦሽም ሹክ አላቸው። እሳቸውም ነጭ ሰው ፊት በሽሮ እየለመንኩ አልታይም ብለው ዶሮ አረዱ።

ሐሙስ እንዳላማው ከደጁ ሲደርስ መጀመሪያ የተቀበለው ሽታው ነው። በደጁ በኩል ሹሙ በበቅሎ ላይ፣ አስተርጓሚው በእግሩ፣ አንሙት በጠመንጃው፣ አቶ ፈንታው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ግባ፣ የኔ ልጅ» አሉ እመት ማንጠግቦሽ።

«የለም፣ ይቆየኝ።»

«በሞቴ!»

«በልቻለሁ።»

«አፈር ስሆን!»

«ጠግቤአለሁ።» ሦስት ሆነ። እስከ ዛሬ በዚህ ጊዜ እግሩ ራሱ የበሩን ደፍ ይሻገር ነበር። አሁንም አንዱ እግሩ ተነሣ፤ በመከራ መልሶ ተከለው።

ሹሙ ጎንበስ ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቀ። «ሴትዮዋ ምን እያለች ነው?»

«ብላልኝ ብላ ትለምናለች።»

«እሱስ?»

«አልበላም ይላል።»

«አልራበውም?»

አስተርጓሚው የእንዳላማውን ጉንጭ አየት አደረገ። «በጣም ርቦታል።»

«ታዲያ ለምን?»

«ይሉኝታ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ወደ እናንተ አገር ገና አልደረሰም» አለ አስተርጓሚው።

እመት ማንጠግቦሽ በሰው ፊት ሦስት ጊዜ መመለሳቸው አንገበገባቸው። እስካሁን የሚለምኑት ለወጉ ነበር፤ አሁን ከልባቸው ሆነ። ድስቱን አውጥተው ከደጁ አስቀመጡና ክዳኑን አነሡት። «ፈረሰኛውን ላንተ ብዬ ነው ያስቀረሁት! ይኸው! በልጆቼ ሞት!»

እንዳላማው በስድስት ዓመት ውስጥ ዶሮ ያየው ሲጮኽ ነው። ከጉሮሮው የወጣውን ድምፅ ራሱም የሌላ ሰው መሰለው።

«እግዜር ይስጥልኝ። አልበላም።»

«እንግዲያውስ!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፣ የትናንት በስቲያ ቂጣ ግማሽ ይዘው ተመለሱ፣ አኮፋዳው ውስጥ ጣሉለት። ከታች ስትደርስ ድምፅ ሰጠች።

«ጌታዬ፣ ጠብቃ ትነበባለች!» ብሎ አንሙት ጮኸ። «‹ለ› ጠብቃ! የተለመነውም ይታሰራል!»

«ምን ይላል?» አለ ሹሙ።

«ስለ አንዲት ፊደል ነው» አለ አስተርጓሚው። «ደግሞስ ተለመነ እንጂ መቼ እሺ አለ?»

ሹሙ ድስቱን አየ፣ አኮፋዳውን አየ፣ እንዳላማውን ለረጅም ጊዜ አየ። «ለማኝ ዶሮ እምቢ አይልም» አለና የበቅሎውን ልጓም መለሰ። አስተርጓሚው በሩጫ ተከተለው።

አቶ ፈንታው እጃቸውን ፈቱ። ወደ እንዳላማው ቀረብ ብለው በዝግታ፣ «ደጁ አይዘጋም። ወንድ ነህ» አሉት። ዓይናቸው ግን ድስቱ ላይ ነበር።

እንዳላማው ወደ ቅኔ ቤቱ ዳገት ወጣ። ቂጣውን ነከሰው፤ አልተነከሰለትም፤ በምራቁ እያራሰ ቀጠለ። ለጥር ሚካኤል ሰማንያ ቀን ያህል ይቀረዋል፣ በየቀኑም አንድ ደጅ፣ በየደጁም እምቢታ አለበት። ከኋላው የእመት ማንጠግቦሽ ድምፅ ተሰማው፤ «አንተ አንሙት፣ ና እስቲ፣ በሞ...»

አንሙት እስኪጨርሱ አልጠበቀም። ገብቶ እጁን ታጠበ።