የወንዝ ዳሩ ኩሽና

አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የጀልባ መጋዘን ነበር። የከተማው ምክር ቤት ቦታውን አልምቶ ሬስቶራንት ሊያደርገው አሰበ፤ ሥራውን እሠራለሁ ያለ ዴቬሎፐር፣ ሕንፃ የሚያለማ ባለሀብትም፣ ቀረበ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ግን «የአካባቢው ሰው ካልገባበት አንደግፍም» ብለው አስቸገሩ።

ወሬውን በዚያው አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ላላት ለንግስት ያመጣላት ሀዲስ ነው። ሀዲስ ሊሞ፣ የኪራይ መኪና፣ ይነዳል፤ ዴቬሎፐሩን ኤርፖርት ሲያመላልስ ተግባብተው፣ ስለ እሷ ሙያ አውርቶለት ኖሯል። ሁለቱ በወጣትነታቸው አዳምስ ሞርጋን ሰፈር አንድ ኩሽና ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ሳህን ያጠቡ ናቸው። ባሏ ሲሞትም አስከሬኑን አገር ቤት ድረስ ሸኝቶ ያስቀበረላት እሱ ነው። ከወንድሟ ለይታ አታየውም።

ዴቬሎፐሩ መጣ፤ በላ፤ አመሰገነ። ሳቂታ ሰው ነው። ከምድጃው አጠገብ አቁሞ ፎቶ አነሳትና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ፎቶዋ የአዲሱ ሬስቶራንት ንድፍ ባለበት ትልቅ ሰሌዳ ላይ ወጣ።

«ፎቶዬ ምን ያደርግላቸዋል?» አለችው ሀዲስን።

«ሕዝቡ ማን እንደሚገባበት እንዲያይ ነዋ!»

«ሰሌዳው ላይ አለሁ። ውሉስ?»

«እሱም ይደርሳል። አንቺ ደግሞ የማትጠረጥሪው ነገር የለም።»

ከዚያ በኋላ ግን ሀዲስ ራሱ ተለወጠባት። ስልኩ ሲጠራ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለ ወንዝ ዳሩ ስታነሳበት ስለ መንገዱ መጨናነቅ ያወራል። ልጇ ሳሌም «ማሚ፣ ጀስት አስክ ሂም» አለቻት። መጠየቁ አይከብዳትም ነበር። የምትፈራው እሱ የሚላትን ማመን ቢያቅታትስ ብላ ነው።

አንድ ቀን ምግብ ቤቱን ለሠራተኞቿ ትታ በሜትሮ ባቡር አሌክሳንድሪያ ወረደች። መጋዘኑ በሽቦ ታጥሯል። ከማዶ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ሀዲስና ዴቬሎፐሩ ምሳ ይበላሉ። ሰውየው የሀዲስን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል፤ ሀዲስ ይስቃል። ንግስት ከአንድ የቆመ መኪና ጀርባ ሆና ደወለችለት።

«የት ነህ?»

«በርክ ሰፈር ነኝ፣ ሰው ላደርስ። ምነው፣ ደህና?»

«ደህና ነኝ። በርታ» አለችና ዘጋችው። ወደ ባቡር ጣቢያው ተመለሰች። አልቅሳ እንዲወጣላት እንኳ ንዴቱ አልፈቀደላትም። ለሳሌምም ለሌላም ሰው አልተነፈሰችም።

ምክር ቤቱ የሕዝቡን አስተያየት የሚሰማበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ፎቶዋ ያለበት ሰሌዳ ከፊት ቆሟል። ዴቬሎፐሩ አወድሷት ሲጨርስ ምስጋና እንድታቀርብ ማይክሮፎኑን ሰጣት። ንግስት ተነሥታ በራሷ እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ቤቱ ሲከፈት ኩሽናው የማን ነው?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ንግስት የፕሮጀክታችን ልብ ናት።»

«የጠየቅሁት ስለ ኩሽናው ነው።»

ከምክር ቤቱ አባላት አንዷ መነጽሯን አውልቃ «እኔም መልሱን መስማት እፈልጋለሁ» አለች። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ዋናውን ሬስቶራንት የሚያስተዳድረው ብዙ ቅርንጫፎች ያሉት የሌላ ስቴት ድርጅት ነው፤ ለንግስት ደግሞ በጎን በኩል፣ ለመንገደኛ የሚሸጥባት መስኮት ትዘጋጅላታለች አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ንግስት ሰውየውን አላየችውም። ያየችው ከኋላ የተቀመጠውን ሀዲስን ነው፤ ደንግጦ እንደሆነ። አልደነገጠም፤ አቀርቅሯል።

ውጭ ተከትሏት ወጣ።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«ከጥምቀት ጀምሮ። መጀመሪያ መስኮቷም አልነበረችም እኮ! ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ ነው ያስጨመርኳት።»

«በርክ ነኝ ያልከኝ ቀንም?»

ሀዲስ ቀና አለ። «አየሽኝ እንዴ?»

«አየሁህ።»

«ታዲያ ለምን መጥተሽ አልተቀመጥሽም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቧ ስትከሰው ስትፈርድበት ከርማለች፤ መንገዱን ተሻግራ አጠገቡ መቀመጥ ግን በሐሳቧም አልመጣላትም።

«ብነግርሽ ጥለሽ እንደምትወጪ አውቃለሁ» አለ። «ከምንም ትሻላለች ብዬ ነው።»

«ለእኔ ነው ወይስ ለራስህ?»

«ግቢ፣ ላድርስሽ።»

«በሜትሮ እሄዳለሁ» አለችው።

ምክር ቤቱ መስኮቷ ለአካባቢው ሰው እንድትሰጥ ቃል አስገብቶ ዕቅዱን በበጋ አጸደቀው። ንግስት ስሟን አስወጣች፤ ሰሌዳው ላይ የነበረው ፎቶዋም ተነሣ። ቤቱ ተሠርቶ ሲከፈት መስኮቷን ሀዲስ ወሰዳት። ከሚስቱ ጋር ሳንቡሳ ይሸጣሉ መባሉን ሰማች። ለፋሲካ ደውሎ «እንኳን አደረሰሽ» አላት፤ እሷም መለሰችለት፤ ስለ ልጆች አወሩና ዘጉ። ቀጥሎ ሲደውል ግን «እባክሽ አንድ ጊዜ ብቅ በይ» አላት፤ ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ምን ፈልጎ ነው ስትል ሰነበተች።

ሄደች። ወንዙ ዳር ሰው ፈሷል፤ ትልቁ ሬስቶራንት ሙዚቃውን ከፍቷል። ሀዲስ መስኮቷን ለሚስቱ ትቶ በጎን በር ወጣ። ከስቷል።

«የትልቁ ሬስቶራንት ሰዎች ሰሞኑን በጣም ጥሩ ሆኑልኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቦታዋን ለማስፋት ነው፣ ለጊዜው ትንሽ ዞር በል እያሉኝ ነው። ስብሰባ ጠርተውኛል። እኔ ሰው ሲስቅልኝ እንቢ ማለት አልችልም፤ ታውቂያለሽ። አብረሽኝ ግቢ።»

ንግስት ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ይህም ከጀርባው ሌላ ነገር ይኖረው ይሆን? ሚስቱ ከመስኮቷ አንገቷን አውጥታ ታያቸዋለች፤ እጇን ልታውለበልብላት ፈልጋ የተወች ትመስላለች። የሀዲስ ዓይን ግን አልሸሸም። ደክሞታል፤ ፈርቷልም።

«የቀረውን ሁሉ ትነግረኛለህ» አለችው። «አንድም ሳትደብቅ። ያኔ እገባለሁ።»

«እሺ» አለና አጠገባቸው ያለውን አግዳሚ ወንበር በእጁ ጠረገላት። ተቀመጠች። እሱም ማውራት ጀመረ።