የዓርብ ስሕተት

ሶሲ አራተኛውን እንቁላል በመጥበሻው ጠርዝ መታ አድርጋ ከሽንኩርቱና ከቲማቲሙ ላይ አፈረጠችው። አባቷ እንቁላልን አስቀድሞ መምታት አይወዱም ነበር። «እዚያው ይፍረስ፤ ነጩ ነጭ፣ አስኳሉም አስኳል ሆኖ ይታይ» ይሉ ነበር።

ከኩሽናው ማዶ፣ ሳሎን በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ እናቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት ተቀምጠዋል። አቶ ጋሻው ሰኞ ከተቀበሩ ወዲህ እህል አልቀመሱም። እድሩ ምስር ወጡን፣ ዘመድ ገንፎውን አመጣ፤ እሳቸው «እሺ» ይሉና ሳህኑን ለአጠገባቸው ሰው ያሳልፋሉ። የሚጠጡት ሻይ ብቻ ነው። ትናንት ከፍራሹ ሲነሡ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ሶሲ አይታለች። በአንድ ወር ሁለት ድንኳን እንዳይተከልባት ፈራች። እናቷ እምቢ የማይሉት ምግብ ካለ አንድ ነው ብላ ነበር ዛሬ በጠዋት መጥበሻ የጣደችው።

አቶ ጋሻው በልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው አቤቱታ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ለሰው ስድስት ገጽ ጽፈው ቤታቸው ሲገቡ ስድስት ቃል አይናገሩም። የቤቱ የጠዋት እንቁላል ግን የሳቸው ሥራ ነበር። ሶሲን በሰባት ዓመቷ በርጩማ ላይ አቁመው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። «ሳይደርቅ አውጪው፤ የቀረውን ሳህኑ ያበስለዋል» ብለዋታል። ስለዚህ ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን የብረት ሳህን በፈላው ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ አሙቃ፣ እንቁላሉን ገልብጣበት ሳሎን ገባች።

«እማዬ፣ የአባባ እንቁላል ነው። አንድ ጉርሻ ብቻ።»

ወይዘሮ ወለተሰንበት ሳህኑን አዩ። ከጎናቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይቱ፣ በሹክሹክታ ግን ለሁሉም እንዲሰማ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ሐሙስ ነው» አለች ሶሲ።

«ሠልስቱ ረቡዕ ወጣ። ትናንት የባሕር ዳር ዘመዶቻችሁ ደረሱ። ዛሬ ዓርብ ነው። በጾም፣ ያውም ከለቅሶ ቤት፣ የእንቁላል ሽታ ደረጃውን ሲሞላው ሰው ምን ይላል?»

ሶሲ በልቧ ቆጠረች። ዓርብ ነው። ለቅሶ ቤት ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት እንጂ ቀን የለውም። ሳህኑን እንደያዘች ፊቷ ጋለ። እናቷን ላስበላ ብላ፣ ጾም አጥብቀው የሚይዙትን ሴትዮ በሰው ፊት አሳፈረች።

«ተሳሳትሽ» አሉ እናቷ። ድምፃቸው ሻክሯል። «እንደ አባትሽ ተሳሳትሽ።» ከዚያም በጣታቸው ከሳህኑ ወደ በሩ አመለከቱ። «ሳይበርድ ለጋሽ ጀይላን አድርሺላቸው።»

ይህ ነገር ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ያኔ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ከጎናቸው የብረት በር የሚሠሩ ጀይላን የሚባሉ ሰው አዲስ ገብተዋል፤ ገና ሰላምታም አልተለዋወጡም። አንድ ዓርብ ጠዋት አቶ ጋሻው እንቁላሉን ጠብሰው ሳህን ላይ ካደረጉት በኋላ ሚስታቸው ቀኑን አስታወሷቸው። እሳቸው ቆመው አሰቡ። ቀጥሎም ሳህኑን ይዘው ወጡና የጎረቤቱን በር አንኳኩ። ሶሲ ተከትላቸው ነበር።

«ምንድን ነው?» አሉ አቶ ጀይላን።

«ተሳስቼ ጠበስኩ።»

አቶ ጀይላን ሳህኑን አዩ፣ ሰውየውንም አዩ። «እንግዲያው በየሳምንቱ ይሳሳቱ» አሉ።

አቶ ጋሻውም በየሳምንቱ ተሳሳቱ። በቤቱ ውስጥ «አባባ ተሳስቷል ወይ?» ማለት «የጋሽ ጀይላን ሳህን ሄዷል ወይ?» ማለት ሆነ። ሳህኑም ባዶውን አይመለስም፤ ቴምር ወይም ሎሚ ይዞ ይመጣል። ከብዙ መመላለስ የተነሣ የማን ቤት ሳህን እንደሆነ ተረሳ። ሰፈሩ ፈርሶ ሁለቱንም ዕጣ በልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ሕንፃ ላይ ሲጥላቸው፣ አቶ ጋሻው «ይህንን አቤቱታ እግዜር ራሱ ጻፈው» አሉ።

ሶሲ ሁለት ፎቅ ወርዳ አንኳኳች። አቶ ጀይላን በሩን ከፍተው በመጀመሪያ ያዩት ሳህኑን ነው።

«ተሳሳትሽ?»

«ተሳሳትኩ፣ ጋሽ ጀይላን።»

«ግቢ። አባትሽ ከታመመ ወዲህ የሚሳሳትልኝ አጥቼ ነበር።»

ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ ብቻቸውን ናቸው። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አድርገው እጃቸውን ታጠቡ።

«እውነት አባቴ ዓርብ መሆኑን ይረሳው ነበር?» አለች ሶሲ። «ልጅ ሆኜ አባቴ ቀን የማያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበር።»

«የመጀመሪያውን ዓርብ ረሳ። ከዚያ ወዲህማ፣ ለሰው የቀጠሮ ቀን ሲጽፍ የኖረ ሰው ዓርብን ይረሳል? በዓል ሲመጣ እሱ ያረደውን እኔ አልበላ፣ እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላ። አንድ ቀን ምን አለኝ መሰለሽ፤ ‹ጀይላን፣ እንቁላል ቢላ አይነካውም› አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ያው ታውቂዋለሽ።»

«ቢስሚላህ» ብለው ጎረሱ። አኘኩ። ፊታቸው በራ።

«ጨው የለውም።»

«ውይ፣ ሳልቀምሰው ነው ያወጣሁት።»

«እሱም ጾመኛ ነበር፤ አይቀምሰውም። ጨዉ አንዳንዱ ዓርብ ባሕር ነው፣ አንዳንዱ ዓርብ ውሃ ነው። በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልነገርኩትም። ብነግረው ለኔ ብሎ ይቀምሰው ነበር፤ ጾሙን ያፈርሳል።» ሁለተኛውን ጎረሱ። «እናትሽስ?»

«እህል አልቀመሰችም። አምስተኛ ቀኗ ነው።»

አቶ ጀይላን ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ። የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «ሳህኑን ተዪው» አሉ። «እኔ አመጣዋለሁ።»

እሳቸው የዓርቡን ሳህን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መልሰው አያውቁም። ጁምዓ ሰግደው ይመጣሉ፤ ወይዘሮ ወለተሰንበት ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጾሙ ያውቃሉ። ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን በር ተንኳኳ። ሽማግሌው ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ቴምር ሞልቶበታል። ጫማቸውን አውልቀው ከፍራሹ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እትዬ ወለተ፣ ዘጠኝ አልፏል» አሉ።

ወይዘሮ ወለተሰንበት አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «እንቁላሉ እንዴት ነበር?»

«ጨው የለውም።»

የወይዘሮ ወለተሰንበት ትከሻ ተንቀጠቀጠ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ወይዘሮ ፀሐይቱ ለቅሶ መስሏቸው «በቃ፣ በቃ፣ ይብቃሽ» እያሉ ጀርባቸውን ማሸት ጀመሩ። ሶሲ ግን የእናቷን ዓይን አየች። እየሳቁ ነበር። እንባውም ከሳቁ ጋር መጣ።

«እኔም አውቅ ነበር፣ ጋሽ ጀይላን» አሉ ሲረጋጉ። «መጥበሻው ላይ የቀረውን ቅዳሜ ጠዋት ሶሲ ጠራርጋ ስትበላው ፊቷን አያለሁ። ዝም አልኩ። እርስዎም ዝም አሉልን። እግዚአብሔር ይስጥልን።»

አንድ ቴምር አነሡ። ለሁለት ከፍለው ፍሬውን አወጡና ግማሹን አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ቀስ ብለው አኘኩ። ዋጡ። ሌላውን ግማሽ አስከተሉ። ከዚያ ሁለተኛ ቴምር አነሡ።

ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በኩል የመዝሙር ድምፅ በመስኮቱ ይገባል።

ሲበቃቸው የቀረውን ቴምር ለእንግዶቹ አዞሩ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሶሲ ልታነሣው እጇን ዘረጋች። እናቷ አልሰጧትም። ሳህኑን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፣ ጠርዙን ዙሪያውን አደረቁት። ከዚያ ግድግዳ ሳይዙ ተነሡና ኩሽና ገቡ። አቶ ጋሻው ዘወትር ዓርብ ማታ ያደርጉ እንደነበረው፣ ለሚመጣው ሳምንት ሳህኑን መጥበሻው ላይ ደፉት።