የጂፑ በር

ቀለሙ በጂፑ በር ላይ እንደ ቀጠነ ሽሮ ሲንዠቀዠቅ ሙስሊማ ዓይኗን ማመን አቃታት። ጉልላት ነው እኮ! የአባቷ ጋራዥ ቀለም ቀቢ! ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰርዶ ያለ ሾፌር ሁሉ መኪናዬን ከሱ በቀር ማንም አይነካትም የሚልለት ጉልላት! እሱ መርጫውን ሲይዝ ቀለሙ ስስ ሆኖ፣ እኩል ሆኖ፣ ልክ እንደ ጤዛ ነው የሚያርፈው። እሱ የቀባው በር ላይ ሻሿን ታስተካክላለች፤ ወላሂ ከመስታወት ይበልጣል!

ዛሬ ግን የመርጫውን ቫልቭ ያለ ልኩ ከፍቶታል፤ ቀለሙ እዚህ ጋ ይቋጥራል፣ እዚያ ጋ ቆርቆሮው ይታያል።

ሻምበሉ ሁለት ወታደር አስከትሎ የመጣው ጠዋት ነው። ሰሜን ግንባር ላለው ጋራዥ ቀለም ቀቢ ይፈልጋል። «ይቺን በር ቀባና እጅህን ልየው» ብሎት ነበር። አሁን በሩን አይቶ ሳቀ።

«ይሄ ነው የተወራለት? እናቴ ግድግዳ በጭቃ ስትለቀልቅ ከዚህ ትሻላለች!»

ወታደሮቹም ሳቁ። ጉልላት አቀረቀረ። «ለማጅ ነኝ፣ ጓድ ሻምበል።»

«ለማጅ ነው፤ ገና አልበሰለም» አሉ አባቷ ጋሽ ከድሩ፣ ቶሎ ብለው።

የሙስሊማ ደም ፈላ። እንዴት በጉልላት ይሳቃል? አፏ ከልቧ ቀደመ።

«ውሸት ነው! እየቀለደ ነው እኮ! ያንን ቀይ የጭነት መኪና ማን የቀባው መሰልዎት? ጉሌ፣ ቫልቩን ጠበብ አድርገውና አሳያቸው!»

ኮምፕሬሰሩ ብቻ ያጓራል። አባቷ ጨርቅ እንደያዙ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጉልላት አያት፤ ምነው በተቆጣ! አልተቆጣም። ያኔ ነው የገባት፤ ለካ እንዳይወስዱት ብሎ ነው ያበላሸው።

ሻምበሉ ሳቁን ውጦ ቀዩን መኪና በጣቱ ዳሰሰ። ተመለሰና «ጥረገውና ድገመው» አለ። «አሁን ከተንጠባጠበ አሻጥር ነው የምለው።»

ጉልላት በሩን በቤንዚን ጠረገ። የቫልቩን ብሎን በቀስታ አጠበበ። ሙስሊማ በሆዷ፣ ያ ረቢ፣ ይበላሽ፣ ይበላሽ ትላለች። አልተበላሸም። እንደዛሬ አምሮ አያውቅም! ብናኙ ተኝቶ ተኝቶ፣ በሩ ፀሐይዋን ያዛት።

«ግባ» አለው ሻምበሉ።

ጉልላት ሸሚዙን ደረበ፣ ጋሽ ከድሩን ትከሻቸውን ሳመ። አጠገቧ ሲደርስ ፈገግ አለ።

«እስከ ዛሬ ጎበዝ ነህ ብለሽኝ አታውቂም እኮ፣ ሙሲ።»

ጂፑ ተነሳ። ማረኝ ልትለው ነበር። አትሂድ ልትለው ነበር። ሌላም፣ ለማንም ያልነገረችውን። እየሮጠች ከአፏ የወጣው ግን «በሩ አልደረቀም! አቧራ ይይዘዋል!» ብቻ ሆነ።

ሳይሰማት አልቀረም፤ እጁን በመስኮቱ አወጣ፣ ቀለሙን እንዳይነካው ከፍ አድርጎ።