አንድ ስንዝር

"ወጥረሽ ያዢው" አለ ሽፈራው፣ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ግድግዳው ሥር ለተንበረከከችው ሚስቱ።

አይናዲስ ጫፉን በአውራ ጣቷ ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው። አራት ሜትር። ሽፈራው ሳይለካም ያውቀዋል፤ ስድስት ዓመት የኖሩበት አንድ ክፍል ነው። ግን ሳይለካ አይሠራም። ጭሮ ከተማ ያሉ አናጢዎች "ሚሊ" ብለው የሚጠሩት ለዚህ ነው፤ እነሱ "እዚህ ጋ ትንሽ ቀንስለት" ሲሉ እሱ ስንት ሚሊ እንደሆነ ይጠይቃል።

ሁለት ሜትር ላይ ሲሚንቶውን በእርሳስ ጫረው። ነገ እዚህ ጭረት ላይ የቺፑድ ግድግዳ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ ሰው ቤት ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አከራያቸው አዴ ሀሚዳ ከዐሱር ሶላት በኋላ መጥታ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የምትናገረው እንደከበዳት ነጠላዋን ደጋግማ በማስተካከሏ ታውቆ ነበር።

"ሽፈራው ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ከእንግዲህ አይሆንም። አምስት ሺህ ነው። ቦርደዴ ከተማ የሚኖረው ልጄ የቤት ኪራይ አሸንፎት ከነሚስቱ ከነልጆቹ መጣ። ሰባት ሆነን ሳሎን ነው የምንተኛው። እኔስ ምን ልሁን?"

ሽፈራው የዚያን ዕለት ማታ ለደላላው ለዚያድ ደወለ።

"አንድ ክፍል? ከሦስት ሺህ በታች?" ዚያድ ሳቀ። "ሚሊዬ፣ ከየት ነው የመጣኸው አቦ? ያለው አራት ሺህ አምስት መቶ ነው። እሱም ከመናኸሪያው ማዶ፣ ውሃ የሌለው። ልጅ አለህ?"

"አንድ።"

"እንግዲያው እሱንም አይሰጡህም።"

"አንተ ራስህ የት ነው የምትኖረው?"

"እናቴ ቤት ነዋ! ሚስት ያላገባሁት ለምን ይመስልሃል?"

መፍትሔውን ያመጣችው አዴ ሀሚዳ ራሷ ናት። "አንተ አናጢ አይደለህ? ከመሐል ክፈለው። ግማሹ ላንተ፣ በሦስት ሺህ። ግማሹን ለሌላ እሰጣለሁ። ለሥራህ የአንድ ወር ኪራይ እተውልሃለሁ። እኩል ይሁን ብቻ።"

አሁን አይናዲስ ሜትሩን ለቃ ተነሳችና የልጃቸውን የሩሐማን ፍራሽ ከግድግዳው ወስዳ ከአልጋቸው ጎን ዘረጋችው። ሩሐማ ትምህርት ቤት ናት። አልጋው ሁለት ሜትር ርዝመት ስላለው፣ የግድግዳው ውፍረት ሲታሰብ በአግድም አይገባም፤ ፍራሹም መተኛት የሚችለው ከአልጋው ጎን ብቻ ነው። የፍራሹ ጠርዝ ጭረቱን አልፎ ወደ ሌላው ሰው ቤት ገባ።

"አልበቃም" አለች።

"አሥራ ሁለት ሳንቲ ተኩል ነው የቀረው" አለ ሽፈራው።

"እስቲ ሚሊ ነህና ንገረኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ስንት ሳንቲ ላይ ነው የምትተኛው?"

"እኩል ነው የተባልኩት፣ አይናዲስ።"

"ማን መጥቶ ይለካብሃል?" ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ቀላ። "ቀልዴን ነው። ተወው፣ ፍራሹን አጥፈን እናስተኛታለን።" ፎጣዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ሄደች። አንድ ፔንሲዮን ውስጥ አንሶላ ታጥባለች።

ሽፈራው ብቻውን ቀረ። ሞራሌዎቹን በልካቸው ቆረጠ፣ ሚስማር ለየ፣ መጋዙን ሞረደ። ሌላ የሚያዘጋጀው ነገር ሲያጣ ጭረቱ አጠገብ ተቀመጠ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጭረቱን አጠፋው። ሜትሩን አላነሳም። ጭረቱ በነበረበት ቦታ አውራ ጣቱን አሳርፎ መዳፉን ወደ ሌላው ሰው ቤት በኩል ዘረጋ፤ ትንሿ ጣቱ በደረሰችበት ላይ አዲስ ጭረት አደረገ። በእጁ ሲለካ የመጀመሪያው ነበር። ስንዝሩ ሃያ ሳንቲ እንደሆነ ግን አናጢ ከሆነ ጀምሮ ያውቃል።

በማግስቱ ግድግዳው ቆመ። በሁለተኛው ቀን በዚያኛው በኩል የጭቃውን ግድግዳ ሰብሮ አዴ ሀሚዳ የገዛችውን የቆርቆሮ በር ገጠመበት። ስትመጣ መዳፏን ቺፑዱ ላይ አሳርፋ ገፋ ገፋ አደረገችው። አልተነቃነቀም።

"እኩል ነው?"

"እኩል ነው፣ አዴ።"

"ሌላ አናጢ ቢሆን ገመድ ይዤ ነበር የምመጣው" አለች። "አንተን ግን አውቅሃለሁ።"

ሩሐማ የዚያን ዕለት ፍራሿን ስትዘረጋው ልክክ ብሎ ገባ። አይናዲስ ፍራሹንም ግድግዳውንም አየች። ወጥ ማማሰሏን ቀጠለች።

አዲሷ ተከራይ ቅዳሜ ጠዋት በአህያ ጋሪ መጣች። ሞሚና ትባላለች፤ ቀጭን፣ ወጣት፣ ከመሰላ የመጣች። ጭሮ ጫት እያሰረች ልትሠራ ነው። የአራት ዓመት ልጇ ጣሂራ ጋሪው ላይ፣ ከተፈታው አልጋ እንጨት መሐል፣ ድስት አቅፋ ተቀምጣለች። የሦስት ወር ኪራይ አስቀድማ መክፈሏን ሽፈራው ከአዴ ሀሚዳ ሰምቷል።

አልጋውን እሱ ራሱ ገጠመላት። የሜትር ከሃያ አልጋ ነው፤ እሱ ዘወትር የሚሠራው ዓይነት። ገና ብሎኖቹን ሲያጠብቅ የሚሆነውን ያውቀው ነበር። ጨርሶ ሲነሳ ሞሚና በሩን ልትዘጋው ገፋችው፤ በሩ የአልጋውን እግር መትቶ ቆመ። አልጋውን ከግድግዳው እስኪጣበቅ ገፉት። በሩ አሁንም አልዘጋ አለ።

ባለጋሪው ከውጭ አንገቱን አስግጎ አየ። "ከፍተሽ ትተኛለሽ እንግዲህ! ጅቡም መጥቶ ደህና እደሪ ይልሻል።"

"ወደ ውጭ ቢከፈትስ?" አለች ሞሚና ወደ ሽፈራው ዞራ።

"በረንዳው መተላለፊያ ነው። አዴ ሀሚዳ አትፈቅድም።"

ሞሚና ጎንበስ ብላ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በስንዝር ለካች። ጣቶቿ ላይ የጫት ልጥ ያቆሰለው ምልክት አለ። "ዘጠኝም አይሞላ" አለች ለራሷ። ቀጥሎ ቀና ብላ፣ ያለ ምንም ክፋት ጠየቀች። "የእናንተስ አልጋ ሜትር ከሃያ አይደለም እንዴ?"

"ነው" አለች አይናዲስ። በራፏ ላይ ቆማ ነበር።

"አዴ ሀሚዳ ቤቱ እኩል ነው ብላኛለች። እህቴ፣ እናንተ እንዴት አድርጋችሁ እንዳስገባችሁት ልየው? እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።"

አይናዲስ ባሏን አየችው። ሽፈራው ወለሉን አየ። ከዚያ አይናዲስ ከበራፉ ገለል አለች።

"ግቢ፣ እይው" አለች።

ሞሚና አንድ እርምጃ ተራመደች። ሽፈራው በዚያች አንድ እርምጃ ውስጥ ሥራውን በሙሉ አሰበው። ሚስማሩን መንቀል። ቺፑዱን ማውረድ። ሞራሌውን ሃያ ሳንቲ መመለስ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከባድ አይደለም። አዴ ሀሚዳ መዶሻውን ሰምታ ትወጣለች። ማታ ሩሐማ ፍራሿን ታጥፈዋለች።

"ቆይ" አለ። "ማየቱ አያስፈልግም።"

ሞሚና ቆመች።

"አልጋሽን አጠብብልሻለሁ። ሜትር አደርገዋለሁ። በሩ ይዘጋል።"

"ይቻላል?"

"ይቻላል። አላስከፍልሽም።"

ፊቷ በራ። "አላህ ይስጥህ፣ ወንድሜ! ወላሂ፣ የከተማ ሰው ጨካኝ ነው እያሉ ነበር የላኩኝ።"

"ከቤቱ ጋር አናጢም ተከራይተሽ!" አለ ባለጋሪው፣ አህያውን እያዞረ። "ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

አልጋውን መልሰው ፈትተው ወደ በረንዳው አወጡት። ሽፈራው መጋዙንና ሜትሩን አመጣ። የራስጌውን ሰሌዳ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ የሜትሩን ጫፍ ዘረጋ።

"አይናዲስ፣ ያዢልኝ።"

አይናዲስ በራፉ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። አልተንቀሳቀሰችም። ዳግመኛ አልጠራትም።

"እኔ ልያዝልህ" አለች ሞሚና። ተንበርክካ ጫፉን ተቀበለችው።

"ወጥረሽ ያዢው።"

ወጥራ ያዘችው። ሽፈራው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ጣሂራ ድስቷን እንዳቀፈች ቀርባ፣ እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ታየው ጀመር።

"እሷ ስትተኛ ትንፈራገጣለች" አለች ሞሚና በፈገግታ። "ለሁለታችን ይበቃል፣ አይደል?"

"ይበቃል" አለ።

ሃያ ሳንቲ ለክቶ በማዕዘን መለኪያው አሰመረ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ ሚሊ እንኳ አልሳተም። መጋዙን መስመሩ ላይ አሳረፈና መቁረጥ ጀመረ።