የክሌሞን ነውር

በዓሉ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ቲማጎራስ ራሱ መጣ። የከተማው ሹም ሰው ልኮ ሳያስጠራ በእግሩ መምጣቱ ብቻ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ለኤክፋንቶስ ነገረው። ሽማግሌው ዘፋኝ የክሌሞንን መቃብር አጥር ተደግፎ፣ በትሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አልተነሳም። በየዓመቱ በዚህ ቀን እዚህ ቆሞ የጀግናውን የክሌሞንን ታሪክ ሲዘፍን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ጉልበቱም ታሪኩም ከብደውታል።

«ጋሼ ኤክፋንቶስ፣ እንዴት አደሩ?»

«እንደምታየኝ። ተናገርና ገላግለኝ።»

ቲማጎራስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከባሕሩ ዳር ከተማ መልእክተኞች መጥተዋል፤ ቃል ኪዳን ሊገቡልን ነው። ከፊት የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። እና ያቺ የሰርጉ ነገር ለዛሬ ብትቀር?»

ክሌሞን በከተማዋ በር ላይ ብቻውን ቆሞ ከንጋት እስከ ማታ ወራሪ የመለሰ ጀግና ነው። ይኸው ክሌሞን በእህቱ ሰርግ ሰክሮ ሙሽራውን ገድሏል። አንድ ዓመት ከወሰን ውጭ ተቀምጦ ተመለሰና የሟቹን አባት ጉልበት ይዞ ምሕረት ለመነ። በሩ ላይ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

«አያትህን አጥበህ ልታወጣው ነው?» አለ ኤክፋንቶስ።

«የዘሬ ምንጭ ነው! በእንግዳ ፊት ሰካራም፣ ነፍሰ ገዳይ ሲባል ዝም ብዬ ልስማ?»

«ከልጅነትህ ጀምሮ የበዓሉን ሥጋ እያላመጥክ ስትሰማው ኖረሃል። አንድም ቀን አላነቀህ።»

የሹሙ ፊት ቀላ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ከቁጣው ይከፋ ነበር። «እርስዎ ደግሞ ቢቀር ምን ይጎድልብዎታል? እስቲ ወዲያ ይመልከቱ።»

ከወንዙ ማዶ፣ ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ፣ አንድ ጎልማሳ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። የኤክፋንቶስ የእህት ልጅ ዴክሲዮስ ነው። አምና በልምምድ ሜዳ የወረወረው የነሐስ ዲስከስ የአጎቱን ልጅ ሂፓሎስን ግንባሩን መትቶ ገደለው። ሂፓሎስ የኤክፋንቶስ አንድ ልጅ ነበር። በከተማዋ ሕግ ሳያስበው ደም ያፈሰሰ ሰው አንድ ዓመት ከወሰን ውጭ ይቀመጣል። በበዓሉ ቀን ዘፈኑ ክሌሞን ምሕረት ከለመነበት ስንኝ ሲደርስ ያ ሰው ወንዙን ተሻግሮ የመቃብሩን ድንጋይ ይነካል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃና እሳት የሚከለክለው የለም። ስንኙ ካልተዘፈነ ግን መግቢያ የለውም። ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

«እኔ የአያቴን ስም አስከብራለሁ፤ እርስዎም የልጅዎን ደም» አለ ቲማጎራስና ሄደ።

ኤክፋንቶስ ሊሰድበው አፉን ከፍቶ ተወው። የሚያናድደው ሹሙ አልነበረም፤ ነገሩ ለራሱ ልብ መጣፈጡ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ እህቱ ምናሲላ መጣች። ከሂፓሎስ ቀብር ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

«ምን አለህ?»

«ሰርጉን ተወው አለኝ።»

«ልትተወው ነው?»

ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ።

«አንድ ዓመት ሙሉ የልጄን ምግብ የወሰኑ ድንጋይ ላይ እያስቀመጥኩ ዓይኑን ሳላይ ተመለስኩ። አንተ የሞተውን ቀበርክ፤ እኔ በቁሙ ቀበርኩ።»

«ተይኝ ምናሲላ። ደክሞኛል።»

«እኔ ደግሞ ስጨፍር ነው የከረምኩት!» ብላው ሄደች።

የመሥዋዕቱን ጥቁር በግ አንገቱን ወደ መሬት ደፍተው አረዱት፤ ደሙ ለዚሁ በተበጀ ቀዳዳ ወደ መቃብሩ ወረደ። ኤክፋንቶስ በትሩን ተመርኩዞ ጀመረ። የክሌሞንን ልጅነት ዘፈነ። መልእክተኞቹ ያዛጋሉ። ሰርጉን ዘልሎ በሩ ላይ መድረስ ለእሱ ምንም አልነበረም፤ ስፌቱ የማይታይ አድርጎ መስፋት ያውቅበታል። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሕዝቡን አይቷል። በሩ ላይ ሲደርስ የተጠበሰ ሽንብራ ይቆረጥማሉ፤ ሰርጉ ላይ ሲደርስ ያለቅሳሉ። ነውር የሌለው ክሌሞን ምንድን ነው? ጥርብ ድንጋይ። ለጥርብ ድንጋይ ጉዱን ይዞ የሚመጣ የቱ ቂል ነው? ሚስቱን የመታ፣ ወንድሙን የካደ፣ ሁሉም እዚህ የሚቆመው ከመሬቱ በታች የባሰበት ስላለ ነው። እነ ቲማጎራስ ይህን ሰርቀው ለእንግዳ ምንጣፍ ሊያነጥፉበት!

ተናደደ፤ ንዴቱም ወዲያው ደከመው። የያዘው ሌላ ነገር ነበር። ለማንም ያልነገረው፣ ዓመት ሙሉ የተሸከመው። ሌላ ውሸት የሚጭንበት ትከሻ አልቀረውም።

ሰርጉን ዘፈነ።

ቲማጎራስ ብድግ አለ። ሲያዛጉ ከነበሩት መልእክተኞች አንዱ ግን ወደ ፊት ተጠግቶ በእጁ ቁጭ በል አለው። ከምሕረቱ ስንኝ ሲደርስ ዴክሲዮስ ወንዙን ተሻገረ። ከስቷል። ሕዝቡ መንገድ ከፈተለት፤ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ።

ኤክፋንቶስ ዘፈኑን አቋረጠ። በትሩን መሬት ጥሎ እጁን ከዴክሲዮስ እጅ አጠገብ አኖረ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች ምናሲላ። «ይሄ ደም ያፈሰሰ ሰው ቦታ ነው።»

«ሂፓሎስን ውሃ እንዲያመጣልኝ የጠራሁት እኔ ነኝ። 'ምን ትልፈሰፈሳለህ፣ ፍጠን!' አልኩት። እንዳልቆጣው ብሎ በሜዳው መሀል አቋረጠ።» ወደ ዴክሲዮስ ዞረ። «አንተ አላየኸውም። እኔ ግን ልትወረውር ስትል አይቼህ ነበር።»

ዴክሲዮስ እጁን አላነሳም። ምናሲላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቲማጎራስ ጊዜ አላጠፋም። «ሕግ ሕግ ነው። ዓመቱን ሳይቀመጡ ድንጋዩ አይነካም!»

«መቼ እንቢ አልኩ?» አለ ኤክፋንቶስ። ጎንበስ ብሎ በትሩን ፈለገ፤ ዴክሲዮስ አንስቶ ሰጠው። ወደ ወንዙ አዘገመ።

«አንተ ወንድሜ!» ምናሲላ ከኋላው ተጣራች። «ምግብህን የወሰኑ ድንጋይ ላይ አስቀምጥልሃለሁ።»

ሳይዞር እጁን አነሳ። «ሽንኩርት አታብዢበት።»